የመብራቱን ሶኬት የነቀለችው ሹክሪያ

መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ስልክ የምትጠግነውን ሹክሪያን የማያውቅ የለም፤ በስሟ የሚጠራት ግን ጥቂት ነው። «ደንቆሮዋ ጋ ውሰደው» ይባላል። በዘጠኝ ዓመቷ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ወስዶ ምላሷን ተወላት። ስለዚህ ትናገራለች፣ ያውም ጮክ ብላ፤ የሌላውን ንግግር ደግሞ ከከንፈሩ ትለቅማለች። የስልክ ስፒከር ስትፈትሽ ጣቷን ታሳርፍበታለች፤ ከነዘራት ድኗል ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም። ማን ሊያስተምራት? አገሩ ሁሉ «ወይኔ ልጄን!» ብሎ አዝኖላት ጨርሷል። ማዘን ከማስተማር ይቀላላ!

አምና ከተማው ላይ ሀካቶን መጣ፤ በቡድን ሆናችሁ በሁለት ቀን አንድ የሚሠራ ነገር ፍጠሩ የሚባልበት ውድድር። ርዕሱ፦ የቀጥታ ሙዚቃ ስርጭት መስማት ለተሳናቸው እንዴት ይድረስ? ከአዘጋጆቹ መካከል መስማት የተሳነው አንድም አልነበረም። ሹክሪያ ማስታወቂያውን ግድግዳ ላይ አንብባ፣ ሱቋን ቆልፋ ሄደች። ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ከሚማረው ከደምሌና ሕሊና ከምትባል አስተማሪ ጋር መደቧት።

ደምሌ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ቅዳሜ ምሳ ሳይደርስ ስክሪኑ ላይ ከዘፈኑ ጋር የሚዘል ቀይና አረንጓዴ መብራት አቆመ።

«እህቴ፣ አሁን ሙዚቃውን አየሽው አይደል?»

«መብራት አየሁ።»

«እሱ እኮ ነው ምቱ!»

«ምቱንማ በጣቴ አገኘዋለሁ። እኔ ሠርግ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ሲንከተከት እንደ ጠፋ በግ ዙሪያዬን ሳይ ነው ያደግኩት። አዝማሪው ምን ብሎ ነው የሚያስቃቸው? እሱን ስጡኝ!»

ደምሌ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ሞከረ። ለውድድሩ የተጠራው ሽማግሌ አዝማሪ፣ አያ ካሴ፣ ማሲንቆውን ይዞ በስርጭቱ ካሜራ ፊት ሲዘፍን ፕሮግራሙ ከአምስት ቃል አራቱን ሳተ።

«ዘፈን አይገባውም፤ ኔትወርኩም ይንፏቀቃል» አለ ደምሌ። «በቃ መብራቱን እናቅርብ። ዳኞች የሚወዱት እሱን ነው።»

ሹክሪያ የአያ ካሴን አፍ እያየች ነበር። ከንፈሩ ተናገረ፣ ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ያው ከንፈር ያንኑ ደገመ። በሚቀጥለው ስንኝም እንዲሁ።

«አያ ካሴ፣ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚሉት?»

«ታዲያስ! አንዴ ብዬው ባልፍ ማን ይይዘዋል?»

«ሕሊና!» ብላ ጮኸች። «መጀመሪያ ሲለው ጻፊ፤ ሲደግመው ከስርጭቱ ምስል ግርጌ ልቀቂው!»

ኔትወርክ አላስፈለጋትም፤ ሹክሪያ ገመድ ቀጥላ የሕሊናን ላፕቶፕ ከስርጭቱ ጋር አገናኘችው። ሠራ። ደምሌ ግን ተቆጣ።

«ሰው እየጻፈ? ይሄ ምኑ ቴክኖሎጂ ነው? ያሳፍራል!»

«ማንን ነው የሚያሳፍረው?»

ደምሌ የቡድኑ መሪ ነውና ሄዶ መብራቱን አስመዘገበ። ማቅረቢያው አምስት ደቂቃ፣ ስክሪኑም አንድ ብቻ ነው።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ፤ ስርጭቱም በቀጥታ ይተላለፋል። መብራቱ ገና መዝለል ሲጀምር ሹክሪያ ተነስታ መብራቱን ከስክሪኑ ያገናኘውን ሶኬት ነቀለችው፤ ስክሪኑ ላይ የስርጭቱ ምስል ብቻ ቀረ።

«አብደሻል?» አለ ደምሌ።

«ድሮ ነው ያበድኩት። ሕሊና፣ ጻፊ!»

አያ ካሴ ዘፈነ፤ ሲደግመው ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፦

«የወገዳው መንገድ ተሠራ ይሉናል፣
መኪናውን አዝለን በእግራችን መጥተናል።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሹክሪያም ከሰው እኩል፣ ከሰውም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። ማንንም ዞራ አላየችም።

ከሩቅ ከተማ የመጣው ዋና ዳኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ ያዘ። «ሐሳቡ ደስ ይላል። ነገር ግን በደንቡ ሰው የሚጽፈው እንደ ፈጠራ አይቆጠርም፤ ያስመዘገባችሁትም ሌላ ነው። ከውድድሩ ወጥታችኋል።»

ደምሌ ራሱን ያዘ። ሹክሪያ ግን ለዳኛው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ አዝማሪው ዞረች። ስንኝ ለአዝማሪ ሲሰጥ አንቱታ የለም።

«ተቀበል!» አለች።

«እሺ፣ ይምጣ!»

«ጆሮ ያለው ዳኛ አልሰማ ካለማ፣
ደንቆሮዋ ትፍረድ በዓይኗ የምትሰማ!»

አያ ካሴ ተቀበላት። ሲደግመው ግጥሙ ከዳኛው ራስ በላይ ስክሪኑ ላይ በትልልቁ ተጻፈ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ቀጣዩ ቡድን!» አለ ዳኛው፣ ላቡን እየጠረገ።

ቀጣዩ ቡድን ወጣ፤ አያ ካሴም ለእነሱ ማሲንቆውን አነሳ። ሕሊና ግን ከላፕቶፑ አልተነሳችም። ውጡ የተባሉት ሰዎች ጽሑፍ ከሌሎቹ ሁሉ ሥራ ግርጌ እስኪመሽ ሲወጣ ዋለ። ሹክሪያ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን አነበበች። ደፍሮ የሚያጠፋው አልተገኘም።