እትዬ ሙሉ ቤት የበላነው ምሳ

ባለፈው እሁድ... የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ምሳ የት እንደምንበላ ስመርጥ የቅዳሜን ግማሽ ቀን ፈጀሁ።

ንፋስ መውጫ ላይ ምሳ ቤት መምረጥ ምን ያስጨንቃል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። የትርንጎ ዝውውር ከሦስት ዓመት ልመና በኋላ ጸድቋል። መምህርት ናት፣ የእስቴ ልጅ። እስካሁን የምታስተምረው ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ የሚወጣበት ገጠር ነበር። ፍቅራችን አብዛኛውን «ሰማሽኝ?»፣ «አልሰማሁህም» እየተባባልን ነው ያለፈው። አሁን እኔ ነርስ ሆኜ ወደምሠራበት ከተማ መጣችልኝ። ከምሳው በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃት ቆርጬ ነበር... ለመስቀል ወደ አባቷ ሽማግሌ ልላክ?

ሁለት ቦታ ቀረኝ። አንዱ አስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል ነው፤ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሜኑ፣ ክራባት ያሰረ አስተናጋጅ። ሌላው ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ ያለው የእትዬ ሙሉ ምግብ ቤት ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንዱ እንዳይነቃነቅ እግሩ ሥር ካርቶን የተደረገለት።

ስደውልላት «እባክህ ሆቴል እንዳትወስደኝ» አለችኝ። «ሰው ቆሞ እያየኝ እንጀራ አይወርድልኝም። እንደ ቤታችን የምንሆንበት ይሁን።»

በቃ፣ እትዬ ሙሉ ቤት ሆነ።

እሁድ ጠዋት ሄጄ የጥጉን ጠረጴዛ እንዲይዙልኝ፣ ጥብሱንም ከለስላሳው ሥጋ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። «ከማን ጋር ነህ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሽማግሌ ሳይላክ እጮኛዬ ናት ይባላል እንዴ? «አዲስ ተዛውራ የመጣች የማውቃት ልጅ ናት፣ እንግዳ ላድርጋት ብዬ ነው» አልኳቸው። ይህችን ውሸቴን ያዙልኝ።

ትርንጎ ጫማዋን ጭቃ አበላሽቶት እየሳቀች ገባች። ጥብሱ ሸክላው ላይ እየጨሰ ቀረበ። የጥያቄውን መጀመሪያ በሆዴ እየደጋገምኩ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቴን ነው የምላችሁ።

እትዬ ሙሉ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ በልቶ ሲወጣ አይወዱም። እስቴ ተወልደው፣ ስማዳ አግብተው፣ ንፋስ መውጫ ያረጁ ሴት ናቸው። በሦስቱም አገር የማያውቁት ዘር የለም። ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ።

«አንችስ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የቄስ ወርቁ፣ ከእስቴ» አለች ትርንጎ።

«ወርቁ የእማሆይ ደስታ ልጅ?»

«አዎ፣ አያቴ ናቸው።»

እትዬ ሙሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የስማዳው... የእናትህ እናት ማን ነበሩ?»

«ጥሩ ይባላሉ። እናቴን ወልደው ብዙም አልቆዩም፣ አናውቃቸውም። ከሌላ አገር መጥተው ነው ያገቡት ይባላል።»

«ከእስቴ ነዋ። ጥሩ በለው። ሠርጓ ላይ ሕፃን ሆኜ አጨብጭቤያለሁ።» ከዚያ እልል አሉ። «ዘመዳሞች ናችሁ እኮ፣ እናንተ ልጆች። ጥሩና ደስታ የወንድማማች ልጆች ናቸው። አምስት ቤት።» ጣታቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ቆጠሩልን።

የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ።

እኛ አገር ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ፍቅር ስንጀምር እኛም ቆጥረን ነበር፤ ግን ሁለታችንም በአባት በአባት ብቻ ነበር ሽቅብ የወጣነው። እኔ የስማዳ፣ እሷ የእስቴ... ምን ያገናኘናል ብለን ስቀን ተውነው። ያላየኋቸውን አያት ማን አስታወሰ? አባቷ ደግሞ ቄስ ናቸው። ሌላው ሰው ቢያልፈን እሳቸው አያልፉንም።

«እትዬ...» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። «እስቲ እንደገና ይቁጠሩልኝ።»

በደስታ የጠየቀቻቸው ነው የመሰላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ ጀምረው መውረድ ያዙ። መሐል ላይ ቆም አሉ። «ውይ... ተሳስቻለሁ ለካ።»

ትርንጎ ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። እኔ በሆዴ ስምንት አድርገው፣ ስምንት አድርገው እያልኩ ፈጣሪዬን እለምናለሁ።

«የወንድማማች ልጆች አይደሉም» አሉ እትዬ ሙሉ። «በእናት ይለያያሉ እንጂ ሁለቱም የአለቃ በለው ልጆች ናቸው። አራት ቤት። ይኸው፣ ይብስ ቀረባችሁ።»

እጄን ለቀቀችው።

እትዬ ሙሉ ሁለተኛ ጥብስ አስመጡ። ዘመድ ተገናኝቶ በአንድ ሸክላ አይነሳም ብለው። ከዚያ እጄ ላይ የቀረውን ጉርሻ አይተው «በል እንጂ፣ እህትህን አጉርሳት» አሉኝ።

አጎረስኳት። ምን ላድርግ? እያኘከች እንባዋ ወረደ። «ሚጥሚጣው ነው» አለች። እትዬ ሙሉ ሮጠው ውሃ አመጡላት።

ስንወጣ ባጃጅ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆምን። «ሽማግሌ ልትልክ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ለመስቀል» አልኳት።

«እኔ እኮ ለአባቴ የምለውን ሁሉ አጥንቼ ነበር» አለችና ባጃጁ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስደውል ኔትወርኩ ጥሩ ነው። የምንለው ነው የጠፋን።

«ዝም ብላችሁ ተጋቡ፣ ማን ያውቃል» የምትሉኝ አትጠፉም። እኔ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እትዬ ሙሉ ደግሞ ዘመዳሞች አገናኘሁ ብለው እስካሁን ለግማሹ ከተማ አውርተውታል። ልቤ ተሰብሯል።

ሆቴሉ ብንሄድ ኖሮ እኮ... ክራባት ያሰረው አስተናጋጅ የሚጠይቀን «ምን ልታዘዝ?» ብቻ ነበር።