ከአባባ ቤት የወጣው ድምፅ

መካነ ሰላም፣ እኛ ግቢ ውስጥ ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ተከራይተው ይኖራሉ። አባባ እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት ወተት አደርስላቸዋለሁ፤ ስለማፍር ግን ሰላም እንዳልኳቸው እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ጉሙ ሳይገፈፍ በራቸው ላይ ቆምኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ከውስጥ «ደህና አደሩ አባባ?» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነው! ወተቱ ከእጄ አምልጦ ፈሰሰ።

እናቴም ከኋላዬ ሰምታ ኖሮ «ቢስሚላሂ! ጅን ድምፅሽን ወስዶታል፤ እንዳትመልሺለት!» አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። አባባ ስልካቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«አንቺ ቶሎ ትሮጫለሽ፤ ስለዚህ ትናንት ሰላም ስንባባል ድምፅሽን ቀዳሁ። ሰላምታ እየተለማመድኩ ነው። ደህና አደርሽ ልጄ?»

ልመልስ ብል ድምፄ የለም። ስልኩ ግን በእኔው ድምፅ «አልሃምዱሊላህ!» አላቸው።