ሁለቱን ፈረንጆች ለማስታረቅ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አምቦ ሳስተምር፣ ሁለት ፈረንጆች በፈቃደኝነት መጥተው አብረውን ያስተምሩ ነበር። አንዱ እንግሊዛዊ፣ ሌላው አሜሪካዊ ነው። እንግሊዛዊው ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ስለነበር የአሜሪካዊውን ሐሜት የምጋተው እኔ ነበርኩ።

"ሳቁ ከሰልፍ ሜዳው ክፍሌ ድረስ ይሰማል። ያገኘውን ሁሉ ትከሻውን እየመታ ወዳጄ ይላል። ቋንቋውን የሰጠናቸው እኛ፣ የሚጮኹብን እነሱ!" ይለኛል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር ጠባቸው የሚከር ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ ሰውን እንዲህ የሚያነሳ ሰው ወይ መካሰስ ወይ መፈናከት አይቀርለትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ እኔም እጃጂ ከተማ የሚኖር፣ ፊደል ያስቆጠርኩት ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ትምህርቱን ጥሎ ነገደና አይሱዙ ገዛ። በደጄ ሲያልፍ ጥሩምባውን ይነፋል። ሰላምታ ይሁን ንቀት ሳልጠይቀው አራት ዓመት ዘጋሁት። እውነቱን ልናገርና ይናፍቀኝ ነበር። የመኪና ድምፅ ስሰማ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ እሱ መሆኑን ሳይ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

የፈረንጆቹን ነገር ግን ዝም ማለት አላስቻለኝም። ማንንም ሳላማክር ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አንድ ቅዳሜ እንግሊዛዊው ቤት ገባሁ። ደንቡ መጀመሪያ የአንዱን ወገን ቃል ለብቻ መስማት ነው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

"የምን ጠብ?" አለ እንግሊዛዊው፣ ግራ ገብቶት።

ሲናገር የከረመውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ትልቁ ሽማግሌ ሊያለዝቡት ብለው፣ "እውነቱን ነው፤ ሰውየው ባለጌ ነው" አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ።

እንግሊዛዊው ከመቀመጫው ተነሳ። "ባለጌስ አይደለም! ታይፎይድ ጥሎኝ ሳለ ሦስት ቀን ካጠገቤ ያልተለየኝ እሱ ነው። እኔ ልናገረው እችላለሁ። ሌላ ሰው ሲናገረው ግን አልወድም።"

ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። "ይሄማ ወንድሙ ነው! ምን ልናስታርቅ አመጣኸን?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ባርሲሳ?" እንደ አገሩ ሰው መምህር ማለታቸው ነው። "የእጃጂውም ወንድምህ ባለጌ ነው ይሉታል።"

"ነው እንጂ!" አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

የሳቀ የለም። የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ አፈርኩ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዱላቸውን አነሱ።

"ከቤት ከወጣን አይቀር፣ የእጃጂ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አሉኝ።

እንግሊዛዊው፣ "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። መተርጎም አቃተኝ፤ ኮቴን ላመጣ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።