ዣንጥላ የሚታጠፍበት በር

ባለፈው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው ቁልፎቹን ቅጭል ቅጭል እያደረገ አለፈ። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ግን፣ ትልቋ ሴትዮ፣ የልጅ እናት፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲጠየቅ የእናቱን እንጉርጉሮ ያነሳል፤ የእኔ፣ ምን ላድርግ፣ የላንድሎርዳችን፣ የቤት አከራያችን፣ ቁልፍ ነው።

ያኔ እኔና እናቴ ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ይዘን እንኖር ነበር። እናቴ ክፍሏን የተከራየችው ብቻዬን ነኝ ብላ ነው፤ ልጅ አለኝ ብትል ማን ያከራያታል? ስለዚህ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ የሌለሁ ልጅ ነበርኩ። ሰውየው እሁድ እሁድ ቤቱን ቼክ ለማድረግ ይመጣ ነበርና፣ መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ደረጃውን በካልሲ ወርጄ፣ ከታች ወደሚኖሩት ወደ እማማ ሱሺላ ክፍል እሮጥ ነበር። «ድምፅሽ ከተሰማ ሜዳ ላይ ወደቅን» ትለኝ ነበር እናቴ።

እማማ ሱሺላ ባላቸው የሞተባቸው ህንዳዊት አሮጊት ነበሩ፤ እናቴ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ሺፍት ስትገባ ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝም እሳቸው ነበሩ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ሰውየው ከላያችን ሲንጎራደድ፣ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ የሳሪ ልብሶቻቸው መሃል ደብቀውኝ፣ እንዳላለቅስ ስለ መንደራቸው በሹክሹክታ ያወሩልኝ ነበር። ማባበላቸው ነበር እንግዲህ፤ እኔን ግን ይብስ አስፈራኝ።

ቻንዳንጋ የምትባለው የሩዝ መንደራቸው፣ ማሳውም ኩሬውም የማንጎው ዛፍም ሳይቀር፣ የአንድ ባለርስት ነበረች፤ የእማማ ሱሺላ አባት የሱ ጭሰኛ ነበሩ። የባለርስቱ ግቢ በር ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠው ነበርና፣ በዚያ በር የሚያልፍ ጭሰኛ ሁሉ፣ ዶፍ ቢወርድ እንኳ፣ ዣንጥላውን አጥፎ፣ ጫማውን አውልቆ ማለፍ ነበረበት። አባታቸው አንድ ክረምት ንዳድ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ ዣንጥላቸውን ሳያጥፉ ቢያልፉ፣ ዘበኞቹ ጎትተው ከአንበሳው አንገት ጋር አሰሯቸውና ዝናቡ ሲወርድባቸው ዋለ። «እናቴ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አፌን ይዛኝ ነበር» ይሉኝ ነበር እማማ ሱሺላ፣ የእኔን አፍ በመዳፋቸው ይዘው።

ብርዱ ጠንቶ፣ ገና ከትምህርት ቤት ስንወጣ መጨለም ሲጀምር፣ የቀረውን ነገሩኝ። መንግሥት መሬቱን ወስዶ ለአራሾቹ ሰጠ፣ የባለርስቱ ልጆች ከተማ ገቡ፣ ጣሪያው ላይ ዋርካ በቀለ፣ ሳሎኑም የፍየል ማደሪያ ሆነ። «እሰይ! አባትዎ ተገላገሉ በሉኛ!» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ በዚያ በር ሲያልፉ ዣንጥላቸውን ያጥፉ ነበር።

«ማንም ሳይኖር?»

«ማንም ሳይኖር።»

ወይ ጉድ! ከአንበሶቹም ከእስራቱም ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን መግባት እፈራ ነበር።

ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን በዝናብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ሰውየው እሁድ ሳይሆን መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቁልፉን ሲያወጣ ደረስን። የት ልግባ? ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ቀና ስል እማማ ሱሺላም ዣንጥላቸውን አጥፈው ቆመዋል። ሁለታችንም ዝናቡ እየወረደብን ፊቱ ተገተርን።

«የማን ልጅ ናት?» አለ፣ አንዴ ፊቴን አንዴ ካልሲዬን እያየ። በቃ አለቀልን አልኩ በሆዴ፤ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ሜዳ ላይ ቆማ ታየችኝ።

እማማ ሱሺላ ድንገት ዣንጥላውን ጧ አድርገው ከፍተው ከላዬ ዘረጉት።

«የልጅ ልጄ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አሁን አሳልፈን፣ ልጅቷን በረዳት።»

ቀለሜስ ግድ የለም፣ ጠጉሬን ያየ ሰው ይህን እንዴት ያምናል? አምኖ ይሁን አፍሮ እንጃ፣ ሰውየው ፈቀቅ ብሎ አሳለፈን። ክፍላቸው ገብተን በሩን ዘግተንም ዣንጥላውን እንደተዘረጋ ይዘውት ቆሙ፤ እኔ አጠፍኩላቸው። እናቴ ከሥራ መጥታ ስትሰማ፣ «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!» ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተይ፣ እኔ እግር ላይ አይወደቅም» ብለው ተቆጧት። ሳንባረር እዚያው አደግኩ፤ እስኪያርፉ ድረስም አያቴ እላቸው ነበር።

ዛሬ የካውንስል ፍላት፣ ማለት የመንግሥት የኪራይ ቤት፣ ቢሆንም የራሴ ቤት አለኝ፣ ልጄም እንደልቧ ትጮህበታለች። ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ቁልፉ ሲቅጨለጨል ግን፣ ሳሎን ሮጬ፣ ሶፋው ላይ ትዘል የነበረችውን ልጄን ጎትቼ፣ ሽንኩርት በነካ እጄ አፏን ያዝኩት።

እጄን ሳነሳላት፣ «ማሚ፣ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም የለም።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ታዲያ ልዝለል?»

«ዝለይ» አልኳት። ጮክ ብዬ ልላት ነበር፤ የወጣኝ ግን ሹክሹክታ ነው።