አስራ አንደኛው አንጓ

ፈህሚያ ኸሊል አርባ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ የአንዲትም መንዙማ መነሻ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መንዙማ አታውቅም ማለቴ ግን አይደለም። የሼኽ ኸሊል ልጅ ናት፤ ውልደቷም እድገቷም መንዙማ ቤት ነው። ነገር ግን በአባቷ ግቢ ወግ ወግ ነው። መሪው ወንድ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ያወጣል። ወንዶቹ ይቀበላሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ሴቶችም ይቀበላሉ። ፈህሚያ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተቀብላለች፤ እንደ እሷ አሳምሮ የሚቀበልም አልነበረም። ተቀባይን ደግሞ ማን ስሙን ይጠራዋል?

ሼኽ ኸሊል ጎንደር አራዳ ላይ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጡ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዝናብ ለመለመን የገጠሟት አንዲት መንዙማ ነበረቻቸው። ስምንት አንጓ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ይዟታል። ኋላ ግማሽ ጎናቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ ሦስት አንጓ ጨመሩባት። ያን ጊዜ ልጃቸው ዐብዱልከሪም ኮላ ድባ እህል ይነግድ ነበር። ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ ሾርባ ያጎረሰቻቸው ታላቅ እህቱ ፈህሚያ ናት፤ ሦስቱን አንጓም የያዘች እሷ ብቻ ናት።

ሼኹ የተቀበሩ ለት፣ አንጋፋው ተቀባያቸው ሐጂ ሳሊም «አስራ አንድ አድርሻታለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሦስቱ የት ገቡ?» ብለው ጠየቁ። ወንዶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ሴቶቹን የጠየቀ የለም። ፈህሚያም አልተናገረች። እልኸኛ ናት፤ ላልጠየቃት ሰው አትመልስም። ከአስር ዓመት በላይ በዚሁ አለፈ፤ ዐብዱልከሪም በየመውሊዱ ስምንቱን አንጓ እየመራ ስመ ጥር ሆነ።

በ2009 ዓ.ም. ተዘግቶ የከረመው ኢንተርኔት ሲለቀቅ፣ በመተማ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ባሏ ስልክ አመጣላት። ባሏ ለመንዙማም ለዘፈንም ጆሮ የለውም፤ እንዲህ ያለ ባል አይጠቅምም ያለው ማን ነው? አሁን እሷ በምትሸጥበት የአባቷ ሱቅ አንዲት ደንበኛዋ ቴሌግራም ላይ የሴቶች ብቻ የሆነ የመንዙማ ቡድን አለ ብላ አስገባቻት። ሃያ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ አንዷ እንዲያውም ከጅዳ። የምታስተምራቸው ሪሃና የምትባል የደሴ መምህርት ናት። ደንቧ አጭር ነው። ድቤ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ድምፅ ብቻ። «ከሃያ ሦስት ቤት የተመታ ድቤ አይገጥምም» ትላለች። እያንዳንዷ በማዳመጫ የሪሃናን ድምፅ እየሰማች ለብቻዋ ቀድታ ትልካለች፤ ሪሃና የሁሉንም ድምፅ በኮምፒውተር አንድ ላይ ታዋህደዋለች።

ፈህሚያ ለመቅጃ የመረጠችው የሱቋን ጓዳ ነው። በቀትር፣ አራዳ ረገብ ሲል፣ በጣቃ ጨርቆቹ መካከል ትቆማለች። ጣቃው የባጃጁን ጥሩምባ ስለሚውጠው ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቅጂ እንደላከች ሪሃና መለሰችላት።

«እትዬ ፈህሚያ፣ ድምፅዎ እጅግ ሸጋ ነው። ግን ኔትወርኩ ሳያስቸግርዎ አልቀረም፤ እየተቆራረጠ ነው የደረሰኝ።»

«አልተቆራረጠም» አለች ፈህሚያ። «አንቺ ስታወጪ ዝም እላለሁ፣ ስትጨርሺ እቀበላለሁ። ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል?»

የቡድኑ ሴቶች ሳቁባት። የጅዳዋ እስኪደክማት ሳቀች። ሪሃና ግን አልሳቀችም። «እዚህ መሪና ተቀባይ የለም። መነሻውንም መቀበያውንም ሁላችንም እንላለን። ከመነሻው ይበሉት።»

ከመነሻው! አፏን ከፈተች፤ አልወጣም። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው አፍ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ አሁን የሚጠበቀው የራሷ ነው። አፈረች፤ ብቻዋን በጨርቅ መካከል ቆማ አፈረች። ከዚያ ማፈሯ አናደዳት። ንዴት ለእሷ መድኃኒት ነው። በዚያው ንዴት መነሻውን አወጣችው፤ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ድቤ ሲኖር ድቤው ይሸከምሻል፤ ድቤ ሲጠፋ ትንፋሽሽ ነው የሚሸከምሽ። ሪሃና አንዱን ድምፅ ሳያዘነብሉ ረጅም መያዝን አስተማረቻት። ሴቶቹን በቀጭን፣ በመካከለኛና በወፍራም ድምፅ ለሦስት ከፈለቻቸው፤ ፈህሚያ ከወፍራሞቹ ገባች። ቀጫጭኖቹ በጆሮዋ ሽቅብ ሲጎትቷት የራሷን ይዞ መቆም ከሁሉም የከበዳት እሱ ነበር። አርባ ጊዜ ቀድታ አርባ ጊዜ ያጠፋችበት ሳምንት አለ። ደንበኛ «ነጭ ክር አለ?» ሲላት በዜማ የመለሰችበትም ቀን ነበር፤ ሰውዬው ክሩን ትቶ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ ሪሃና የየአገራችሁን መንዙማ አምጡ አለች። ፈህሚያ የአባቷን አመጣች። በየሳምንቱ አንድ አንጓ ይማሩ ጀመር፤ መነሻውን የምታወጣላቸው እሷ ሆነች። የሳቀችባት የጅዳዋ ሴት ሳይቀር በእሷ ድምፅ ትመራለች። ዘጠነኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ፣ ፈህሚያ ወደ ቡድኑ ያስገባቻት የዐብዱልከሪም ሚስት ወጥ እየሠራች ቅጂውን ከፈተችው። ባል ከሳሎን ሰማ።

በማግስቱ ሱቅ መጣ። ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረሰው።

«እትዬ፣ የአባባን ዘጠነኛ አንጓ ከስልክ ሰማሁ። ምነው እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?»

«አልደበቅሁህም። አልጠየቅኸኝም።»

«እሺ፣ ይኸው ጠየቅሁሽ። ለመውሊድ አስር ቀን ነው የቀረው። ሦስቱንም ጻፊልኝ።»

«አልጽፍም። ተቀምጠህ ተቀበል።»

ሳቀ። «ከሴት? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እንግዲያው የሚያውቅ ወንድ ፈልግና አስጨርሰው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «የዚህ ሱቅ ንግድ ፈቃድ በማን ስም እንደሆነ አትርሺ።»

«አልረሳሁም። ሱቁን ዛሬውኑ ውሰደው። ሱቁን መዝጋት ትችላለህ፤ አንጓው ግን እዚያ ውስጥ አይደለም ያለው።»

ሱቁ እንጀራዋ ነው። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም። ዐብዱልከሪም በሩን ገፍትሮ ወጣ።

በአራተኛው ቀን ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እስክሪብቶ ከኪሱ ሲያወጣ «መልሰው» አለችው። ዘጠነኛውን አወጣች። ሲቀበል ቀድሞ ገባ፤ «እንደገና» አለች። ዘግይቶ ገባ፤ «እንደገና»። ጥቁር ክር ሊገዙ የመጡ ሴትዮ ክሩን ረስተው ቆመው አዩ። አስረኛውም በዚሁ ዓይነት ተያዘ። ዐብዱልከሪም ላቡን ጠርጎ «አስራ አንደኛውስ?» አለ።

በሼኽ ኸሊል ግቢ አዲስ አንጓ ያመጣ ሰው «ከማን ያዝከው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያስያዘውን ሰው ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ፈህሚያ የፈለገችው ይህንን ነው።

«ሐጂ ሳሊም ከማን ያዝከው ሲሉህ ስሜን ጥራ። የጠራኸኝ እንደሆነ አስራ አንደኛውን እዚያው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰጥሃለሁ።»

«እሺ» አለ ዐብዱልከሪም፣ ዓይኗን ሳያያት።

የመውሊዱ ለት ግቢው ዳስ ተጥሎ ሞልቷል። ዐብዱልከሪም መራ። ስምንቱ አለቀ፤ ዘጠነኛውን ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ። አስረኛውን ሲጨርስ ሐጂ ሳሊም እጃቸውን አነሱና ድቤው ቆመ።

«ማሻአላህ። ከማን ያዝከው?»

ፈህሚያ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለች። ዐብዱልከሪም ወደ መጋረጃው አልዞረም።

«ከአባቴ» አለ።

ሚስቱ ከፈህሚያ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። አስር ዓመት አለመጠየቃቸው ሳያንስ፣ ጠይቀው የወሰዱትንም ሊክዷት ነው። ወንድሟ ደግሞ አስሩ ይበቃል ብሎ ለመዝጊያው ዱዓ እጁን ዘርግቷል። አሁን ዝም ካለች ለዘላለም ዝም እንዳለች ትቀራለች። ሱቁን አሰበች። ሱቁ ይቅር አለች በልቧ።

አስራ አንደኛውን አወጣችው። ድቤ መቺው አንጓውን ስለማያውቀው እጁ አልተንቀሳቀሰም፤ እሷም ድቤ አልፈለገችም።

«ክር ሻጩ ኸሊል፣ ደካማው ባሪያህ፣
ከደጅህ ቆሟል፣ አይዘጋበት በርህ።»

የተዘረጉት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ፈህሚያ የመጨረሻውን ድምፅ ሳታዘነብል ይዛ ቆየች፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ ያዘችው። ያን ጊዜ ሐጂ ሳሊም ብቻቸውን፣ በተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ፣ ተቀበሏት። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያም ወንዶቹ።

ሐጂ ሳሊም ወደ መጋረጃው ዞሩ። «የኸሊል አስራ አንደኛ ናት፤ ስሙ አለበት። ልጄ፣ ከማን ያዝሽው?»

«እኔ ከአባቴ» አለች ፈህሚያ፣ ከዳሱ ውጭ እስኪሰማ። «ዐብዱልከሪም ግን ከእኔ ነው የያዘው። ዘጠነኛውንም አስረኛውንም፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ።»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። ዐብዱልከሪም ለዱዓ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ሐጂ ሳሊም ለአፍታ ጺማቸውን አሻሹ።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ። «እንግዲያው ልጄ፣ ድገሚልን፤ አልያዝነውም።»

ደገመችው። ዳሱ በሙሉ ተቀበለ። በሁሉም መካከል፣ ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ እየተጎተተ የገባ አንድ ድምፅ ሰማች፤ የማን እንደሆነ አላጣችውም።

«አንዱ ዘግይቶ ገብቷል» አለች ፈህሚያ። «እንደገና፣ ከመነሻው።»