በአንድ ሰው ቆሎ የአራት ሰው ደቦ

መክሊት ከጎጃም ተመድባ ሰቆጣ ኮሌጅ የመጣች የኮምፒውተር መምህርት ናት። ለሃያ ሁለት ተማሪዎቿ ያለቻት መለማመጃ አንዲት መዳፍ የምታክል፣ ቦርድ የሚሏት ኮምፒውተር ብቻ ናት። የቦርዷ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አርጅቶ አዲስ ፕሮግራም አልቀበል ስላለ፣ የንብረት ክፍሉ ጋሽ ካሤ ከሚወገዱ ዕቃዎች ጋር መዝግበዋታል።

«በሚመጣው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት በአዲስ ሲስተም ተነሥታ ካላየኋት ትወገዳለች» አሏት።

አዲሱ ሲስተም ለማንም ክፍት ነው፤ ግን የሚመጣው ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ነው። ያንን ሁሉ ፋይል አንድ በአንድ ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። ብዙ ጊዜ ትልቅ ኮምፒውተር ይሠራውና ለትንሿ ይሰጣታል። የኮሌጁ ትልቅ ኮምፒውተር ግን ተቃጥሏል። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው፤ ቦርዷ የራሷን ሲስተም ራሷ ትሠራለች። ነፍሰ ጡሯም አዋላጇም እሷው!

ቦርዷ ፋይል የሚቀይሩ አራት ሠራተኞች በውስጧ አሏት። መክሊት ቸኩላ አራቱንም ባንዴ አሰማራቻቸው። ቅዳሜ ሥራው ቆመ። እሑድ እንደገና ጀመረች፤ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ያው ነው።

«ገደለብኝ!» ብላ ጮኸች።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ቦሰና መወልወያቸውን ጣሉ። «ማንን? ማን ሞተ?»

«ሲስተሙ ነው ሥራዬን የገደለብኝ፣ እትዬ። አራት ሠራተኛ አሰማርቼ ሜሞሪው አልበቃቸው አለ። እየሠሩ የሚበሉት እሱን ነው።»

እትዬ ቦሰና የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ሚስት ናቸው፤ ደቦ ጠርተው ያውቃሉ። «ስንቅሽ ለስንት ሰው ይበቃል?»

«ለአንድ።»

«ታዲያ በአንድ ሰው ቆሎ አራት ሰው ደቦ ትጠሪያለሽ? ሥራው ይቀራል፣ ሐሜቱ ይተርፍሻል። አንዱን አስቀሪ፣ ሦስቱን አሰናብች!»

መክሊት አሰናበተች። አንዱ ሠራተኛ እንደ አህያ ቀስ እያለ፣ ግን ሳይወድቅ፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን ተሻገረ።

ዓርብ አምስት ተኩል ላይ ጋሽ ካሤ ከነመዝገባቸው መጡ። ያን ጊዜ ኮምፓይሉ አልቆ፣ አዲሱ ሲስተም ቦርዷ ወደምትነሣበት የማስቀመጫ ካርድ እየተገለበጠ ነበር።

«በቃ፣ ንቀያት» አሉ።

«ጋሽ ካሤ፣ ስድስት ሰዓት እኮ አልሞላም!»

«አሁንስ ምን ሊለወጥ?»

እትዬ ቦሰና አንድ ባልዲ ውኃ በሩ ላይ ደፉ። «አንተ ካሤ! በእርጥብ ወለል በጫማህ ትገባብኛለህ?»

«እባክሽ ሥራ አለብኝ!»

«እኔስ የያዝኩት ጨዋታ ነው?» ደግመው ወለወሉ። ሠለሱ። ጋሽ ካሤ የተወለወለ ጫማቸውን እያዩ ደጅ ቆሙ።

ለስድስት አምስት ደቂቃ ሲቀር ቦርዷ ጠፍታ ተነሣች። ስክሪኑ ላይ አዲሱ ሲስተም የመክሊትን ስም ጠይቆ ቁጭ አለ። መክሊት ዘልላ እርጥቡ ላይ ልትንሸራተት ነበር።

ጋሽ ካሤ ከበሩ ሆነው አዩ፣ «ይወገድ» የሚለውን ሰረዙና ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ፦ «ትሠራለች። ግን ቀርፋፋ ናት።»

«ለአንድ ፊርማ ሦስት ወር የሚያመላልስ ሰው» አሉ እትዬ ቦሰና ባልዲያቸውን እያነሡ፣ «እሷን ቀርፋፋ ይላል!»