የመሪጌታ ገደፋው ጎባጣ ጣት

በጅጋ አካባቢ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ላብ ሳይነካቸው የሚናገሩ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እግዜር፣ ሁለተኛው መሪጌታ ገደፋው። እግዜር ዘንድ ወረፋው ረጅም ነውና ሕዝቡ መሪጌታን ይጠይቅ ነበር።

ሌሎቹ ካህናትም የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳቡን፣ ተምረዋል። እነሱ ደምረው ቀንሰው እስኪጨርሱ ግን ለሰርጉ የተጠመቀው ጠላ ሆምጣጤ ይሆናል። መሪጌታ በወጣትነታቸው በግራ እጃቸው አንጓዎች ላይ የሚሄድ አቋራጭ አግኝተዋል። አውራ ጣታቸውን ከአንጓ አንጓ ያስኬዱና፣ አንድ ጊዜ ዘለል አድርገው፣ ቀኑን ዱብ ያደርጉታል። የዚያ እጅ የቀለበት ጣት ልጅ ሳሉ በቅሎ ረግጣባቸው እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀርታለች፤ ለሒሳቡ ግን አትጠቅምም፣ አትጎዳም።

ቆጠራው የሚካሄደው ማንም እንዳያይ ጋቢ ውስጥ ነው። ጾም ከገባ ሰርግ የለምና፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ቀን ከመቁረጡ በፊት እሳቸውን ይጠይቃል፤ የጠየቀም ከዳሱ ራስጌ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ መቀመጫ ሌላ መሪጌታ በዚህ ዓለም የሚመኙት አልነበራቸውም።

አንድ የጥር ቅዳሜ በገበያ ሲያልፉ፣ ጌሾ ሻጯ ወይዘሮ ያይኔአበባ ለልጃቸው ሰርግ ቀን ሲቆርጡ አዩ። ማንንም አልጠየቁም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን ያስኬዳሉ። መሪጌታ ቤታቸው ገብተው ሚስታቸውን እህተ ማርያምን፣ ይህን ምስጢር ማን እንዳወጣው ጠየቁ።

«እኔ ነኛ» አሉ እህተ ማርያም። «ቤት ሲገቡ ጋቢውን ይጥሉታል። ዓይኔን የት ላኑረው ኖሯል?»

ሚስት መክሰስ ነውር ነውና ገበያውን በሙሉ ከሰሱ።

አጥቢያ ዳኛው አቶ ክንዱ ከዋርካው ሥር ተሰየሙ። ሰዉ ከመብዛቱ ዋርካው ራሱ ለመስማት ጎንበስ አለ ይባላል። መሪጌታ፣ ቀጥቃጭ ማረሻው፣ ሸማኔም ጥለቱ የእጁ ከሆነ፣ እሳቸው አምጠው የወለዱት ቆጠራ የማን ሊሆን ነው ብለው ተሟገቱ። ሽማግሌው ወልደ ሥላሴ፣ የደከመ ካልተከበረ ነገ ማን ይደክማል ሲሉ ደገፏቸው። ያይኔአበባ ግን ጣቱ የራሳቸው፣ ጾሙም የእግዜር መሆኑን አስረድተው፣ መሪጌታ ከሁለቱ የትኛውን ሊወስዱባቸው እንዳሰቡ ጠየቁ።

አቶ ክንዱ ባለፈው ክረምት በሬ ተሰርቆባቸው ነበርና ሌብነትን ሁሉ በበሬ ነው የሚመዝኑት።

«መሪጌታ፣ በሬዬ ሲነዳ እርሻዬ ቆመ። ቆጠራው ሲነዳ እርስዎን መቁጠር አቃተዎት?»

«መቁጠሩስ አላቃተኝም፤ የሚጠይቀኝ ነው ያጣሁ።»



ዳኛውም ንብረቱን በዓይናቸው ሳያዩ መፍረድ እንደማይችሉ ተናገሩ። መሪጌታ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ናቸውና ቀስ ብለው፣ አንጓ በአንጓ፣ አስረዱ። ከኋላ አንዱ አልገባኝም ቢል ደገሙለት። ከዚያ ቀና ሲሉ አገሩ በሙሉ ግራ እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ያስኬዳል፤ ዳኛውም ጭምር።

«እንግዲህ ማንን ልቅጣ?» አሉ አቶ ክንዱ፣ እጃቸውን ሳያጥፉ። ፍርዱም ቆጠራው የሁሉ ይሁን፣ የሚቆጥር ሁሉ ግን የመሪጌታን ስም ያንሣ የሚል ሆነ።

ስሙ ለአንድ ሰሞን ተነሣ፤ ከዚያ ተረሳ። መሪጌታም በየሰርጉ ከዳሱ ራስጌ ወደ መሐል፣ ከመሐልም ውሻ ወደሚመላለስበት በር ወረዱ።

በዓመቱ ዘመድ ሞቶ ለለቅሶ ቡሬ ሄዱ። ሲመለሱ በቡሬ ገበያ መሐል ሙሉሰው የሚባል እህል ነጋዴ የጾሙን መግቢያ ሲቆጥር ቆመው አዩት። ሰውየው ከመጀመሩ በፊት የቀለበት ጣቱን በቀኝ እጁ ይዞ እንደ ማጭድ አጎበጣት።

«ጣቷን ለምን አጎበጥካት፣ ልጄ?»

«ካልጎበጠችማ ጾሙ አይገባም፣ አባቴ። ያወጡት ሊቅ እንዲህ ነበር አሉ የሚያደርጉ። ነፍሳቸውን ይማርና።»

መሪጌታ ዙሪያቸውን ቃኙ። ጨው ሻጩም፣ በርበሬ ሻጯም፣ የሚቆጥር ሁሉ ጣቱን አጉብጧል፤ አገሩ በሙሉ በአንዲት በቅሎ የተረገጠ ይመስላል። እሳቸውም እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ቆጠሩ። ሙሉሰው በትኩረት ተመለከታቸውና ራሱን ነቀነቀ።

«ደኅና ተምረውታል፤ ጣቷን ግን ትንሽ አበዙባት።»

መሪጌታ እንደሚያርሙ ቃል ገቡ፤ ለሟቹ ሊቅ ነፍስም አሜን አሉ። ከዚያም እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ሳይመልሱ፣ እየሳቁ ወደ ጅጋ ተነሡ።